አንቶንዮ ዴ ኔብሪኻ፤ የእስፓንኛን ሰዋስው መጀመሪያ የጻፈው ሊቅ

ሰዋስው የሚባለውን ትምህርት ከተማሪዎች መካከል ከልቡ የሚወደው ጥቂት ነው። ስምና ተውላጠ ስም፣ ግሥና ተውሳከ ግሥ እየተባለ በሰሌዳ ላይ ሲዘረዘር ዓይኑ ወደ መስኮት የማይሄድ ተማሪ ቢገኝ የተመሰገነ ነው። ነገር ግን ይህ ደረቅ የሚመስለው ትምህርት የራሱ ታሪክ አለው፤ ስለ እርሱም ሲሉ ወንበራቸውን ያጡ፣ ጽሑፋቸው የተወረሰባቸው ሰዎች ነበሩ። ከእነዚህ አንዱ አንቶንዮ ዴ ኔብሪኻ የሚባለው የእስፓንያ ሊቅ ነው። እስፓንያ ያልናት ዛሬ በብዙዎች አፍ ስፔን የምትባለው አገር ናት። አንባቢ እንዳይሳሳት፣ የእኛ ነው ብለን ለይተን ካልጠቀስነው በቀር ከዚህ በታች የሚመጣው ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

አንቶንዮ የተወለደው በእስፓንያ ደቡብ፣ ከሴቪልያ ከተማ ብዙ ሳይርቅ ሌብሪኻ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። የተወለደበትን ዓመት አንዳንዶቹ 1441፣ ሌሎቹ 1444 ይሉታል፤ በሁለቱም ቢሆን በእኛ አገር ዘመኑ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ነበረ። ወላጆቹ ያወጡለት ስም አንቶንዮ ማርቲኔዝ ዴ ካላ ነበር። ከተማረ በኋላ ግን ራሱን በትውልድ ከተማው ስም ጠራ፤ በፊቱም ኤልዮስ የሚል የጥንት ሮማውያንን ስም ጨመረበት። ሊቅን በአገሩ መጥራት በእኛም ዘንድ እንግዳ አይደለም፤ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ማለትን ያስታውሷል። ስሙን በምንጽፍበት ጊዜ ኔብሪኻ ያልነው የዛሬዎቹ እስፓንያውያን እንዲህ ስለሚያነቡት ነው። በራሱ ዘመን ግን ይህች ፊደል እንደ እኛ «ሸ» ትነበብ ስለ ነበር ጎረቤቶቹ ኔብሪሻ ወይም ሌብሪሻ ሳይሉት አልቀሩም። ቋንቋ ሰው እንኳ ከሞተ በኋላ ስሙን ይለውጥበታል።

በልጅነቱ በከተማው የሚገኘውን ትምህርት ከጨረሰ በኋላ ወደ ሳላማንካ ዩኒቨርሲቲ ተላከ። በዚያም ጥቂት ዓመታት ተቀምጦ ሲማር አንድ ነገር አልዋጥልህ አለው። መምህራኑ በየሙያቸው ያወቁ ሰዎች ቢሆኑም የሚናገሩት ላቲን የተበላሸ መሆኑ ገባው። ላቲን በዚያን ጊዜ ለአውሮፓ ሰዎች ግዕዝ ለእኛ አባቶች እንደ ነበረው ነው። ማንም በእናቱ ጭን ላይ ሆኖ የሚማረው ቋንቋ አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያኑም ሕጉም ሕክምናውም የሚነበበው ግን በእርሱ ነው። ላቲኑ ከተበላሸ በእርሱ የሚነበበው ሁሉ አብሮ ይበላሻል ብሎ አንቶንዮ አሰበ።

ስለዚህ ዕድሜው 19 ዓመት ሲሆን ባሕር ተሻግሮ ወደ ኢጣልያ ሄደ፤ በቦሎኛ ከተማ ለእስፓንያ ልጆች ተብሎ በተሠራው ኮሌጅ ገባ። ሌሎቹ ጓደኞቹ የሄዱት ሕግ ተምረው ሹመትና ደመወዝ የሚያስገኝ ወረቀት ይዘው ለመመለስ ነበር። እርሱ ግን የሄደው የጥንቶቹን የላቲን ጸሐፊዎች በንጹሕ ቋንቋቸው ለማንበብ ነው። በዚያ ወደ ዐሥር ዓመት ያህል ቆየ። በእነዚያ ዓመታት በኢጣልያ የጥንት መጻሕፍትን እየቆፈሩ የማውጣት፣ አንዱን ቅጂ ከሌላው ጋር እያስተያዩ ስሕተቱን የማረም ሥራ ተፋፍሞ ነበር። አንቶንዮም አንድ ቃል በትክክል ሳይመረመር በእርሱ ላይ ሃይማኖትም ሕግም መገንባት እንደማይቻል በዚያ ተማረ። ይህ ትምህርት በኋላ መከራ አምጥቶበታል።

ወደ አገሩ ሲመለስ ለሴቪልያው ሊቀ ጳጳስ ለአሎንሶ ዴ ፎንሴካ ሦስት ዓመት አገለገለ፤ ከዚያም በሳላማንካ ዩኒቨርሲቲ የሰዋስው መምህር ሆነ። በ1481 የላቲንን ሰዋስው ለተማሪ በሚስማማ መንገድ አሰናድቶ አሳተመ። የማተሚያ መኪና በእስፓንያ ምድር ሥራ ከጀመረ ገና ዐሥር ዓመት አልሞላውም ነበርና መጽሐፉ እንደ እሳት ተሰራጨ። በየጊዜውም ታረመ፣ ደግሞ ደጋግሞ ታተመ። አንቶንዮ ለኑሮው የሚበቃ ስም ያገኘው በዚህ መጽሐፍ ነው። ሚስትም አግብቶ ብዙ ልጆች ወለደ፤ የቤተ ክህነት ሹመት ተስፋው ግን በዚያው ቀረ።

እንግዲህ ታሪኩ የሚጣፍጠው ከዚህ ላይ ነው። የካስቲልያ ንግሥት ኢሳቤላ የላቲኑን መጽሐፍ አገሬው በሚናገረው ቋንቋ እንዲመልሰው ጠየቁት። የእርሳቸው ሐሳብ መነኮሳዪያትና ሌሎች ሴቶች ያለ ወንድ መምህር ላቲን ይማሩ ዘንድ ነበር። አንቶንዮ በመጀመሪያ ነገሩን አልወደደውም፤ ያን የከበረ ትምህርት እንዴት በድኻ ቋንቋ እገልጸዋለሁ ብሎ ሠጋ። ሥራውን ከጀመረ በኋላ ግን ሐሳቡ ተለወጠ። በአንድ ገጽ ላይ ላቲኑንና ካስቲልያኛውን ጎን ለጎን አድርጎ ሲጽፍ የእናቱ ቋንቋ የራሱ ሥርዐት ያለው ሆኖ አገኘው። (ካስቲልያኛ የምንለው ዛሬ እስፓንኛ የሚባለውን ቋንቋ ነው፤ ካስቲልያ ከእስፓንያ መንግሥታት ዋናዪቱ ነበረችና።)

ይህን ለማስተዋል እኛ ኢትዮጵያውያን ከሌላው ሕዝብ ይልቅ አይቸግረንም። በአብነት ትምህርት ቤት ሰዋስው ሲባል የግዕዝ ሰዋስው ማለት ነበረ። ቃሉም በግዕዝ መሰላል ማለት ነው፤ ወደ መጽሐፍ ምሥጢር የሚወጣበት መሰላል። አማርኛ ግን ሁሉ የሚናገረው ስለ ሆነ ሰዋስው ያስፈልገዋል ብሎ የሚያስብ አልነበረም። ቤተኛ ቋንቋ ሳይማሩት የሚመጣ ይመስላልና። ለአማርኛ መጀመሪያ የታተመው ሰዋስው እንኳ በ1698 በጀርመን አገር በፍራንክፈርት የወጣው የሂዮብ ሉዶልፍ መጽሐፍ ነው፤ ለሉዶልፍም ቋንቋችንን ያስተማሩት አባ ጎርጎርዮስ የተባሉት ኢትዮጵያዊ ሊቅ ነበሩ። በአገራችን የብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ የአማርኛ ሰዋስውና የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ታላቁ የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ሁለቱም በእኛ አቆጣጠር በ1948 ዓ.ም. ታትመዋል። ኔብሪኻ ለቋንቋው ያሰበው ይህንኑ ነው።

ዓመቱ 1492 ነበረ። በጥር ወር መባቻ የመጨረሻዪቱ የእስላም ከተማ ግራናዳ ለንግሥት ኢሳቤላና ለባላቸው ለንጉሥ ፈርናንዶ እጅዋን ሰጠች። በመጋቢት መጨረሻ አይሁድ ሁሉ ወይ እንዲጠመቁ፣ ወይ ከአገር እንዲወጡ ታወጀ። በነሐሴ 3 ቀን ክሪስቶፎር ኮሎምቦስ በሦስት መርከቦች ወደ ምዕራብ ተነሣ። ልክ በ15ኛው ቀን፣ ነሐሴ 18 ቀን 1492፣ በእኛ ቁጥር ነሐሴ 25 ቀን 1484 ዓ.ም.፣ ዐፄ እስክንድር በኢትዮጵያ ነግሠው ሳሉ፣ በሳላማንካ የኔብሪኻ የካስቲልያኛ ሰዋስው ታትሞ ወጣ። በአውሮፓ በሕዝብ አፍ ለሚነገር አንድ ቋንቋ በዚህ ስፋት ተጽፎ የታተመ ሰዋስው ይህ የመጀመሪያው ነው ይባላል።

መጽሐፉ ከመታተሙ በፊት አንቶንዮ ናሙናውን ለንግሥቲቱ አሳይቶ ነበር። ንግሥቲቱም አገላብጠው አዩትና ሁሉ የሚናገረው ቋንቋ ሰዋስው ምን ይጠቅማል ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ለሊቁ የልብ ወጋት ያህል እንደ ነበር አንጠራጠርም፤ ዛሬም ቢሆን ይህን የሚጠይቅ አባትና እናት አይጠፋም። መልሱን የሰጡት ግን አንቶንዮ ሳይሆን የአቪላው ጳጳስ ኤርናንዶ ዴ ታላቬራ ነበሩ። ንግሥቲቱ ቋንቋቸው ሌላ የሆነ ብዙ ሕዝቦችን ባስገበሩ ጊዜ እነዚያ ሕዝቦች የአሸናፊውን ሕግ፣ ከሕጉም ጋር ቋንቋውን መቀበል ግድ እንደሚሆንባቸውና ይህንንም በዚህ መጽሐፍ ሊማሩት እንደሚችሉ አስረዱ። ኔብሪኻ ይህን ሐሳብ በመጽሐፉ መግቢያ ላይ አስገብቶ፣ ቋንቋ ሁልጊዜ የመንግሥት ጓደኛ ሆኖ አብሮ የሚያድግና አብሮ የሚወድቅ መሆኑን ጻፈ።

በዚህ ላይ የጸሐፊው ፍርድ እንደሚከተለው ነው። ሊቁ በቋንቋው ፍቅር የሠራውን ሥራ ለማስወደድ ሲል ለጦር መሣሪያነት ማቅረቡ ደስ አያሰኝም። በአሜሪካ ምድር እስፓንኛ የገባው በፍቅር ብቻ እንዳልሆነ፣ ብዙ ቋንቋም በዚያ ምክንያት እንደ ጠፋ የታወቀ ነው። ሆኖም ሌላም ነገር ሆነ። ወደዚያ የተሻገሩ መነኮሳት የኔብሪኻን የላቲን ሰዋስው እንደ መለኪያ ይዘው የአገሬውን ቋንቋዎች ሰዋስው መጻፍ ጀመሩ። በ1547 የሜክሲኮው ናዋትል፣ በ1560 የፔሩው ኬችዋ ሰዋስው ተዘጋጀላቸው። አንድ መሰላል ለሁለት ዓይነት መውጣት አገለገለ ማለት ነው። በጉብሬ ብዙዎቻችን በቤታችን ጉራጊኛ፣ በትምህርት ቤት አማርኛና እንግሊዝኛ የምንናገር ነንና የቤት ቋንቋ በመጽሐፍ ሲሰፍር ምን ማለት እንደ ሆነ እናውቀዋለን። ለጉራጊኛ ቋንቋዎች ሦስት ቅጽ ያለው መዝገበ ቃላት በ1979 ያሳተሙት ፕሮፌሰር ቮልፍ ሌስላው በሥራቸው ቸሓን፣ እዣን፣ ሶዶንና ሌሎቹንም ጨምረዋል።

አሁን መጽሐፉን ገልጠን ጥቂት እንመልከት። በአምስት ክፍል የተከፈለ ነው። የፊተኛው ስለ ፊደል፣ ሁለተኛው ስለ ቃል ክፍለ ድምፅና ስለ ግጥም፣ ሦስተኛው ስለ ቃላት ዓይነት፣ አራተኛው ስለ ዐረፍተ ነገር አሠራር ይናገራል። አምስተኛው የተጻፈው ካስቲልያኛን ከውጭ መጥተው ለሚማሩ ነው። ለጀማሪ የተሰናዳው የእስፓንኛ ሰዋስው ታሪክ የሚጀምረው እንግዲህ ከዚህ ክፍል ነው።

ስለ ፊደል ያወጣው ሕግ ቀላል ነው፤ እንደምንናገረው እንጻፍ፣ እንደምንጽፈው እንናገር የሚል ነው። ከላቲን የወረሱት ፊደል ለካስቲልያኛ 26 ድምፆች ልክ አይሆንም፤ ለአንዳንዱ ድምፅ ሁለት ፊደል፣ ለአንዳንዱ ምንም የለውም። እኛም በሀ፣ በሐና በኀ፣ በሰና በሠ፣ በጸና በፀ መካከል ስንት ጊዜ ቀይ እስክሪፕቶ እንዳገኘን እናስታውስ። በግዕዝ ልዩ ልዩ ድምፅ የነበራቸው ፊደሎች በአማርኛ አንድ ሆነው ሲቀሩ ጽሕፈቱ አልተለወጠም። በእስፓንኛም «አቼ» የምትባለው ፊደል በአንቶንዮ ዘመን በብዙ ቃል ትሰማ ነበር፤ ዛሬ ግን ትጻፋለች እንጂ አትነበብም። ቢሆንም ከእንግሊዝኛ ጋር ሲነጻጸር የእስፓንኛ ጽሕፈት ለተማሪ ርኅሩኅ ነው። የተጻፈውን አይቶ ማንበብ ይቻላል። «ኘ» የምትባለውም ድምፅ ለእንግሊዝ ተማሪ ስታስቸግር ለእኛ ከፊደላችን ውስጥ አለች፤ ወንድ ልጅን «ኒኞ»፣ ሴት ልጅን «ኒኛ» ለማለት ምላሳችን አይሰናከልም።

በቃላት ክፍል ሊቁ የቃል ዓይነቶችን ዐሥር አደረጋቸው። የላቲን መምህራን የቆጠሩት ስምንት ነበር። ከጨመራቸው አንዱ መስተአምር እየተባለ የሚጠራው፣ በላቲን የሌለ፣ በካስቲልያኛ ግን በየስሙ ፊት የሚቆም ቃል ነው። ለወንድ «ኤል»፣ ለሴት «ላ» ይባላል። በጉብሬ እግር ኳስ የሚወድ ልጅ ሁሉ ይህን ሕግ ሳያውቀው ያውቀዋል። «ላ ሊጋ» ሲል ሊጋ በእስፓንኛ ሴት ስለ ሆነች፣ «ኤል ክላሲኮ» ሲል ክላሲኮ ወንድ ስለ ሆነ ነው። እኛ ይህን ምልክት ከስሙ ጀርባ እንቀጥላለን፤ ልጁ፣ ልጅቱ እንላለን። እነርሱ ከፊት ያስቀድማሉ፤ «ኤል ኒኞ»፣ «ላ ኒኛ»። የሚያስቸግረው ሕይወት የሌለው ነገር ሁሉ ወንድ ወይም ሴት መሆኑ ነው። መጽሐፍ ወንድ፣ ጠረጴዛ ሴት ናት። እኛ ፀሐይ ወጣች ስንል እነርሱ ፀሐይን ወንድ ያደርጉታል፤ በጨረቃ ግን እንስማማለን። ቅጽሉም ስሙን ይከተላል። ረጅም ልጅ ለማለት ወንዱን «ኒኞ አልቶ»፣ ሴቲቱን «ኒኛ አልታ» ይሏቸዋል።

ግሥን በተመለከተ ኔብሪኻ በሦስት ምድብ ከፈለው፤ ምሳሌ አድርጎ የወሰዳቸውም «አማር» ማለት መውደድ፣ «ሌኤር» ማለት ማንበብ፣ «ኦኢር» ማለት መስማት ናቸው። እስከ ዛሬ ድረስ የእስፓንኛ ጀማሪ ተማሪ ግሥን የሚያጠናው በእነዚሁ ሦስት መጨረሻዎች ነው። ሲረባም እንዲህ ይሆናል፤ አሞ፣ አማስ፣ አማ፣ አማሞስ፣ አማይስ፣ አማን። እወዳለሁ፣ ትወዳለህ፣ ይወዳል፣ እንወዳለን፣ ትወዳላችሁ፣ ይወዳሉ ማለት ነው። እንግሊዝኛ እኔ፣ አንተ፣ እነርሱ የሚለውን ቃል ሁልጊዜ ይፈልጋል። እስፓንኛና አማርኛ ግን ባለቤቱን በግሡ ውስጥ ስለሚይዙት ተውላጠ ስሙን መተው ይቻላል። እንዲያውም አማርኛ አንተን ከአንቺ፣ እርሱን ከእርሷ በግሡ ይለያል፤ እስፓንኛ ይህን አያደርግም። በዚህ እኛ የበለጠ ጭነት አለብን፤ ወደ እነርሱ ስንሄድ ይቀልልናል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ስለ ትንቢት ጊዜ ያስተዋለው ነገር ነው። እስፓንያውያን ነገ እወዳለሁ ለማለት «አማሬ» ይላሉ። ይህ አንድ ቃል ይመስላል። ኔብሪኻ ግን ቃሉን ፈትቶ፣ መውደድ ከሚለው «አማር» እና አለኝ ከሚለው «ኤ» የተሰፋ መሆኑን አሳየ፤ አማር፣ ኤ፣ አማሬ። በእኛ ፊደል ሲጻፍ ስፌቱ ይበልጥ ይታያል። አሁን የራሳችንን እንፍታ። እወዳለሁ የሚለው ቃል እወድ እና አለሁ ነው፤ ይወዳል ይወድ እና አለ ነው። ያለፈውም እንደዚሁ ነው። እነርሱ «ኤ አማዶ» ሲሉ እኛ ወድጄአለሁ እንላለን፤ በሁለቱም ረዳቱ ግሥ ከመኖር ወይም ከመያዝ የመጣ ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ዝምድና የላቸውም፤ አንዱ የላቲን ልጅ፣ ሌላው የሴም ወገን ነው። ሆኖም ሁለቱም በየራሳቸው ተመሳሳይ ብልኀት አገኙ። ሰዋስው አሰልቺ ነው የሚል ሰው ይህን አይቶ ዝም ቢል ይሻለዋል።

ከኔብሪኻ በኋላ የመጣ አንድ ነገር ደግሞ እዚሁ ላይ እንጨምር። እስፓንያውያን ትልቅ ሰውን ሲያነጋግሩ «ኡስቴድ» ይላሉ፤ ጸጋዎ እንደ ማለት ከሆነ የአክብሮት ንግግር ተቆርጦ የቀረ ነው። ግሡም አንተ ለተባለ ሰው የሚነገረውን ትቶ፣ በሩቅ ላለ ሰው የሚነገረውን ይይዛል። እኛም አባትን ወይም መምህርን እርስዎ ስንል ይመጣሉ እንላለን፤ ያው ለሩቅ ሰዎች የምንናገረው ነው። ሁለቱም ሕዝብ ማክበር ማለት ጥቂት ፈቀቅ ማለት ነው ብሎ ያሰበ ይመስላል። ጀማሪውን ግን እስኪለምደው የሚያስጨንቀው ነው የሚለው ቃል ሁለት መሆኑ ነው። መምህር ነው ለማለት «ኤስ»፣ ቤት ነው ያለው ወይም ደክሞታል ለማለት «ኤስታ» ይባላል። ምን እንደ ሆነ በፊተኛው፣ የት ወይም በምን ሁኔታ እንዳለ በሁለተኛው ይነገራል። አለንና ነውን ለምናውቅ ለእኛ ነገሩ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም።

ከውጭ የመጡ ሰዎች ያልነው አምስተኛው ክፍል ለአገራችን ልጆችም የሚነካ ነው። ከኦጋዴን ጦርነት በኋላ፣ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ፣ ብዙ ሺህ ኢትዮጵያውያን ልጆች ወደ ኩባ ተልከው የወጣቶች ደሴት በምትባለው ስፍራ ተምረዋል። ከእነርሱም አባቶቻቸው በዚያ ጦርነት የወደቁባቸው ነበሩ። ትምህርቱን ለመከታተል አስቀድሞ «ኤል» እና «ላ»ን፣ «ኤስ» እና «ኤስታ»ን ማወቅ ግድ ሆነባቸው። በአንጻሩ ደግሞ ከእስፓንያ ወደ እኛ መጥቶ አማርኛን ከሥር የጀመረ ሰው አለ። ፔድሮ ፓኤዝ የሚባለው የኢየሱሳውያን ካህን በ1564 የተወለደው ኔብሪኻ ከሞተባት ከአልካላ ከተማ ብዙ በማትርቅ መንደር ነው። በመንገድ ተይዞ በየመን ሰባት ዓመት ያህል ሲታሰር ዐረብኛ ተማረ፤ በ1603 ኢትዮጵያ ገብቶ በፍሬሞና ሕፃናትን እያስተማረ አማርኛንና ግዕዝን ዐወቀ። በ1618 የዓባይን ምንጭ አየ፣ ስለ ኢትዮጵያም ትልቅ የታሪክ መጽሐፍ ጻፈ። የእርሱ ጓደኞች ያመጡት የሃይማኖት ለውጥ በአገራችን ብዙ ደም አፍስሷልና መታሰቢያው ለሁሉ ጣፋጭ አይደለም፤ ቋንቋ በመማር ግን ትጉህ ነበር። የሞተው በ1622 በጣና ዳር በጎርጎራ ነው፤ ልክ ኔብሪኻ በሞተ በ100 ዓመቱ።

ወደ ሊቁ እንመለስ። በዚያው በ1492 የላቲንና የካስቲልያኛ መዝገበ ቃላት አሳተመ፤ ከሦስት ዓመት ያህል በኋላ ደግሞ ከካስቲልያኛ ወደ ላቲን የሚተረጉመውን አስከተለ። በዚህ በኋለኛው ውስጥ «ካኖዋ» የሚል ቃል ይገኛል፤ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ጀልባ ማለት ነው። ቃሉ ኮሎምቦስ ከደረሰባቸው ደሴቶች ሕዝብ የመጣ ሲሆን፣ ወደ እስፓንኛ መዝገበ ቃላት ከገቡት የአሜሪካ ቃላት የመጀመሪያው ነው። መርከቦቹ ከተመለሱ ሁለት ዓመት እንኳ ብዙም ሳያልፍ ሊቁ ቃሉን መዝገብ አስገባው።

ከዚህ በኋላ መከራው መጣ። አንቶንዮ በቦሎኛ የተማረውን የማመሳከር ሥራ በመጽሐፍ ቅዱስ ላይ ጀመረ። የላቲኑ መጽሐፍ ቅዱስ በየዘመኑ ገልባጮች ብዙ ስሕተት እንደ ገባበት፣ ይህም ከዕብራይስጡና ከግሪኩ ጋር እየታየ መታረም እንዳለበት ተናገረ። ይህ ለነገረ መለኮት መምህራን አልተመቻቸውም፤ አንድ የሰዋስው መምህር ስለ ቅዱስ መጽሐፍ ምን አገባው አሉ። የኢንኲዚስዮን የበላይ የነበሩት ጳጳስ ዲዬጎ ዴ ዴዛ ጽሑፎቹን ወረሱበት። አንቶንዮ ግን ዝም አላለም፤ የመከላከያ መጽሐፍ ጽፎ፣ የሚያውቀውን ነገር አላውቅም እንዲል መገደዱ ባርነት መሆኑን በድፍረት ገለጠ። በ1507 ዴዛ ከሥልጣን ወርደው ካርዲናል ፍራንሲስኮ ሂሜኔዝ ዴ ሲስኔሮስ በተተኩ ጊዜ ነፍሱ መለስ አለች።

በ1513፣ ዕድሜው ሰባ ዓመት ሲሆነው፣ በሳላማንካ ክፍት በሆነው በዋናው የሰዋስው ወንበር ላይ ለመቀመጥ ተወዳደረ። ወንበሩ ከእርሱ እጅግ ላነሰ ወጣት ተሰጠ። ለአገሩ የላቲንን ትምህርት ያደሰ፣ የእናቱን ቋንቋ ሰዋስው የጻፈ ሽማግሌ፣ ብዙዎቹ በእርሱ መጽሐፍ በተማሩ ሰዎች ተጣለ። ከዚያ በኋላ ሳላማንካን ትቶ ሄደ። ካርዲናል ሲስኔሮስ በአልካላ ባቋቋሙት አዲስ ዩኒቨርሲቲ በክብር ተቀበሉት፤ የወደደውን እንዲያስተምር፣ ማስተማር ካልወደደም ዝም ብሎ እንዲቀመጥ፣ ደመወዙም እንዳይቋረጥበት አዘዙ ይባላል። በዚያ ዕብራይስጡ፣ ግሪኩና ላቲኑ ጎን ለጎን በሚታተምበት በታላቁ መጽሐፍ ቅዱስ ሥራ ከሊቃውንቱ ጋር ተካፈለ። ሆኖም ካርዲናሉ የቆየው ላቲን በሌሎቹ ቋንቋዎች እንዳይታረም ስለ ወሰኑ ከሥራው ወጣ። ካርዲናሉ ወዳጁ ነበሩ፤ በዚህ ግን ለወዳጅም አልተበገረም። በነዚያው ዓመታት በ1513 በሮም ከተማ የመጀመሪያው የግዕዝ መጽሐፍ፣ መዝሙረ ዳዊት፣ በኢትዮጵያውያን መነኮሳት እርዳታ መታተሙን አንባቢ ያስታውስ፤ ፊደላችንም በዚያው ዘመን ወደ ማተሚያ ገባ።

በ1517 ስለ አጻጻፍ ሕግ አንዲት አጭር መጽሐፍ አወጣ፤ ካስቲልያኛን የሚመለከተው የመጨረሻ ሥራው እርሷ ነች። በሐምሌ 1522 በአልካላ ሞተ፤ በዩኒቨርሲቲውም ቤተ ጸሎት ተቀበረ። በእኛ አገር ዐፄ ልብነ ድንግል የፖርቱጋልን መልእክተኞች በቤተ መንግሥታቸው ያኖሩበት ዓመት ነበር።

የላቲኑ ሰዋስው በሕይወቱም ከሞተ በኋላም በየአገሩ ሲታተም፣ ንግሥቲቱ ምን ይጠቅማል ያሉት የካስቲልያኛው ሰዋስው ግን በሕይወቱ ሳለ ሁለተኛ አልታተመም። እንደገና ለኅትመት የበቃው በዐሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ነው፤ ወደ 250 ዓመት መሆኑ ነው። ቋንቋው በዚያ መካከል መጽሐፉን ሳይጠብቅ ውቅያኖስ ተሻግሮ ነበር። ዛሬ እስፓንኛ በ20 ያህል አገሮች የመንግሥት ቋንቋ ሲሆን፣ ከአፍሪቃ በኤኳቶርያል ጊኒ ይነገራል። ከ1492ቱ ኅትመት የተረፉት ጥቂት ቅጂዎችም በታላላቅ ቤተ መጻሕፍት ተጠብቀው ይገኛሉ።